ኩበት በማዳበሪያ

ግንቦት መጨረሻ ላይ አገር ቤት ስገባ እምዬ የኩበት ክምሯን በእርጥብ እበት እየመረገች ደረስኩ። ቤታችን ደብረ ብርሃን አልፎ ካለችው ከጉዶ በረት ወጣ ብሎ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ ሰዓት ተኩል በእግር። ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ጎጆ ይመስላል። ኩበቱ ክብ ሆኖ ይደረደርና ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ ክረምት ሳይገባ ዝናብ እንዳያገኘው ከአናቱ እስከ እግሩ ይመረጋል። እጇ እስከ ክርኗ እበት ስለነበር ጉንጯን ብቻ አቀበለችኝና ሥራዋን ቀጠለች።

አጥሩ ጋ አንድ ነጋዴ ቆሟል። አይሱዙውን አስፋልቱ ዳር ትቶ፣ አህያ ነጂ አስከትሎ የመጣ ወጣት ነው። በአንድ ማዳበሪያ 150 ብር አላት።

«ሐምሌ ና» አለችው ቀና እንኳን ሳትል።

«እማማ፣ ሐምሌማ መንገዱ ጭቃ ነው። ማን ይመጣል?»

«ለዚያ እኮ ነው ሐምሌ ና ያልኩህ።»

ልጁ ስቆ ሄደ። እኔ ግን ያቺ መልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ፤ አሁን ደብረ ብርሃን አንድ ቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። ስለ አየር ንብረት ፖሊሲ በየስብሰባው የሰማሁት ሁሉ የእምዬን ያህል አልገባኝም።

በኛ አገር ጆንያውም «ማዳበሪያ» ነው የሚባለው። ስንዴ በማዳበሪያ፣ ከሰል በማዳበሪያ፣ ድንች በማዳበሪያ። ዳፕና ዩሪያ ይዞ ገጠር የገባው ከረጢት ባዶውን ሲቀር ስሙ አብሮት ይቀራል። እንግዲህ እኛ ቤት የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የማሳው ማዳበሪያ በማዳበሪያ ተሞልቶ ከተማ ይሸጣል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ማዳበሪያ ደግሞ በማዳበሪያ ተሞልቶ ይገባል። ለሰው ሳወራው እንደ ቀልድ ይሰማል።

እበት ማሳ ላይ ቢቀር ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም ብስባሹም እዚያው ይቀራሉ። ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ፎስፈረሱና ፖታሺየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። አመዱን እምዬ የምትደፋው ከቤት ጀርባ ነው። ጓሯችን ውስጥ ጎመኑ እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋው፣ ራቅ ያለው ማሳ ላይ ገብሱ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚሳሳው ለዚህ ነው። የተሸጠው ኩበት ግን አመዱም አይመለስ፤ ደብረ ብርሃን አረቄ አውጪዎቹ ጓሮ ይቀራል።

አሁን ሐቁን ልናገር። ሒሳቡን ስጀምረው እናቴ እየተሞኘች ነው ብዬ ነበር። አምና 40 ማዳበሪያ ኩበት ሸጣ ወደ አንድ ኩንታል የሚጠጋ ማዳበሪያ መግዣ አገኘች። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ደረቅ እበት ውስጥ ያለው ግን ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ በናይትሮጅን ኪሎ ብቻ ከተመዘነ እምዬ አትርፋለች! ወረቀቱን ሁለቴ ደመርኩት፣ ያው ነው። ከሒሳቡ የቀረው ብስባሹ ነው፤ አፈሩን የሚያለሰልሰው፣ ውኃ የሚይዘው። እሱ ዋጋ የለውም፤ የሚገዛው የለም፣ የሚሸጠውም የለም። ዋጋው የሚታወቀው ዝናብ ሲቀር ብቻ ነው። በ2007 በልጉ የቀረ ጊዜ የኛ መሬት በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ሸክላ ደረቀ፤ የዩሪያው ናይትሮጅን እዚያ ላይ ምንም አልሠራም። ሰዎች «ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር መላመድ» የሚሉት ነገር እኛ ሰፈር ሲተረጎም ይኸው ነው፤ መሬቱ አንድ ሳምንት ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል ወይስ አይይዝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበሌያችን ውስጥ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አንድ ባለሙያ መጥቶ ኩበት ማንደድ አፈር እንደሚገድል፣ ችግሩም «የግንዛቤ እጥረት» እንደሆነ ሲያስረዳ ዋለ። በሥዕል ጭምር። እምዬ ከዚያ ስትመለስ የአበልዋን 50 ብር በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ፣ «ልጄ፣ እበት መሬት እንደሚያሰባ የነገረችኝ አያቴ ናት። ይኼ ልጅ አሁን የሰማው መስሎት ነው እንዴ?» አለችኝ። ግንዛቤ ማስጨበጥ የሚባለውን ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አልወደውም። ግንዛቤ የሌላት ሴት 150 ብር እምቢ ብላ እስከ ሐምሌ አትጠብቅም። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይረጥባል፣ ኩበት ይወደዳል፤ የመጠበቋ ዋጋ በሁለት ወር ውስጥ እጇ ይገባል። ትዕግሥት ስለሌላት አይደለም ማሳው ላይ የማትበትነው። ማሳው የሚከፍላት በሦስትና በአራት ዓመት ስለሆነ ነው።

እኔ ደግሞ በሙያዬ ጊዜ ነው የምሸጠው። ወለድ ማለት የነገን ብር በዛሬ ብር መመንዘሪያ ነው። እኛ ተቋም በዓመት 18 በመቶ እናበድራለን። በዚህ ተመን ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ 19 ብር ነው የሚያወጣው። ለእኛ ዋስ ያላገኘ ሰው አራጣ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ በወር 10 በመቶ ነው፣ የዓመቱ ማብቂያ ላይ ያለው 100 ብር እንኳን ዛሬ 32 ብር አይሞላም። እስቲ በዚህ ተመን እርከን ሥሩ፣ አገር በቀል ዛፍ ትከሉ፣ እበት አትሽጡ በሉት ለገበሬ።

የዓለም ታላላቅ ኢኮኖሚስቶች የተጨቃጨቁትም በዚሁ ነው። እንግሊዛዊው ኒኮላስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመንግሥቱ ባቀረበው ሪፖርት የነገን ጉዳት ወደ ዛሬ የመነዘረው በ1.4 በመቶ ገደማ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ኖርድሃውስ፣ በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ያገኘው፣ ከ4 በመቶ በላይ ይሁን ባይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ትመስላለች። ከ100 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ100 ብር ጉዳት በስተርን ሒሳብ ዛሬ 25 ብር ያስወጣል፣ በ4 በመቶ ግን 2 ብር። አንዱ «ዛሬውኑ ብዙ ክፈሉ» ሲል ሌላው «ቀስ እያላችሁ ጨምሩ» የሚለው በአብዛኛው ከዚህች ቁጥር ተነሥቶ ነው። ክፍል ውስጥ ስንማረው ስተርን ልክ ነው ብዬ ተከራክሬ ነበር። ዛሬም እንደዚያው አስባለሁ። ግን ሁለቱም ቁጥሮች እምዬ ደጅ አይደርሱም። የሷ ተመን የሚወሰነው መስከረም ላይ እህቴ ደብተርና የቤት ኪራይ ስትጠይቃት ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣ አንድ ነገር ነበር፣ ባዮጋዝ። ሐሳቡ ያምራል፤ እበቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጋዙ ድስት ሥር ይነዳል፣ ዝቃጩ ተመልሶ ማሳ ላይ ይወጣል። ናይትሮጅኑም አይጠፋ፣ ምግቡም ይበስል። ሞቅ ያለ አገር ላይ የተሻለ ይሠራል። ባዮጋዝ የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ሙቀት ይወዳሉ፣ እኛ አገር ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ውርጭ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል። ጎረቤታችን እቴቴ፣ ባል ዘመድ ሁሉ ተረባርቦላቸው፣ አስቆፈሩ፤ ከወጪው የተወሰነውን ፕሮጀክቱ ቻለላቸው። ክረምቱን እንደ ነገሩ ሻይ አፈላ፣ ጥቅምት ሲገባ ቀጥ አለ። ላሞቹም አንሰው ነበር፣ ውኃም ሩቅ ነው። አሁን እቴቴ የጉድጓዱ ሲሚንቶ ክዳን ላይ ኩበት ታሰጣለች። ፀሐይ በደንብ ያገኘዋል ትላለች።

ባሕር ዛፍ ግን ተሳክቷል፤ በጣም ስለተሳካ ነው ሰው የሚሰድበው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ፣ ዛሬ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር የገብስ መሬት እየበላ ነው። ለምን? አምስት ዓመት ሳይሞላው አጠና ይሆናል፣ ሲቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም ሌሊቱን ቆርጠው ጠዋት ይሸጡታል። የገበሬ ባንክ ነው። እኛ ተቋም ካለው የቁጠባ ደብተር የተሻለ ነው ብል አለቃዬ እንዳይሰማ። ክፋቱ ጥቅሙ የባለቤቱ ሆኖ ጥማቱ የጎረቤት መሆኑ ነው። በእኛ ድንበር ላይ አንድ ዘመዳችን በሁለት ረድፍ ተከለና ከጎኑ ያለው ገብሳችን ሦስት እርምጃ ያህል ቢጫ ሆነ። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 በሌላው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሰው የጉዳቱን ያህል ግብር ይክፈል ብሎ ጻፈ፤ ዛሬ የካርቦን ግብር የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ሌላው ኢኮኖሚስት ሮናልድ ኮዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 የለም፣ መብቱ ከታወቀና መደራደሪያው ካልከበደ ሁለቱ ራሳቸው ይስማማሉ አለ። እኛ ግብር አስገቢ ስላልነበረን ሽማግሌ ተቀመጠ። አንደኛው ረድፍ ይነቀል፣ ሁለተኛው ሲቆረጥ ከአምስት አጠና አንዱ ለእምዬ ይሁን ተባለ። ኮዝ በሕይወት ኖሮ ቢያየው ጠላ የሚጋብዘን ይመስለኛል። ለጠፋው የምንጭ ውኃ ግን ሽማግሌ የሚቀመጥለት የለም፤ ጉዳተኛው ብዙ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። ለዓለም ሙቀትም ያው ነው ችግሩ።

ለብዙ ሰው የሆነን ነገር በጋራ መጠበቅ አይቻልም ለሚለኝ መንዝ ሄደህ ጓሳን እይ እለዋለሁ። 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖርበት። የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድና ገሳ ይሠራበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር (ስሙ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ተጠቃሚው በአባቶች በኩል ይታወቃል፣ አለቃ ይመረጣል፣ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ ያጭዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ የባላባት ነገር ነው ተብሎ ሥርዓቱ ፈረሰና ጓሳው ብዙ ተጎዳ። በኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ ኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጽፎ ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ እንዲህ ያሉ የጋራ ሥርዓቶችን ከየአገሩ ሰብስባ ስታጠና ኖራ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የመንዝ ሽማግሌዎች ምንም ሳይሸለሙ 300 ዓመት ቀድመዋታል። ልብ ያልኩት አንድ ነገር ግን አለ፦ ጓሳ ሲዘጋ ሁሉም እኩል ይጠብቃል፣ ሲከፈት ሁሉም ያገኛል። የመጠበቁ ወለድ ለሁሉም አንድ ነው። ኩበት ላይ ይህ የለም፤ እምዬ ብቻዋን ብትጠብቅ ብቻዋን ትራባለች።

ከላይ የሚወሰነው ነገር እንዴት እታች እንደሚደርስ ደግሞ ያለፉት ሁለት ዓመታት አሳይተውኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተባለ፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የማዳበሪያ ዕዳም አብሮ ከበደ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተደረገ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው፣ ኪሳራ ላይ የቆመ መብራት መሥመር አይዘረጋም፤ ይኼን እንደ ባለሙያ እቀበላለሁ። ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ ያከራየችኝ ሴትዮ በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገሯን ትታ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ኩበት ተመለሰች። ነጋዴው ልጅ በአህያ እኛ ደጅ የመጣው ለዚህ ነው። የመብራት ሒሳብ ጨመረ፣ የኩበት ዋጋ ጨመረ፣ የጉዶ በረት አፈር ቀነሰ። ይኼን ሰንሰለት የሚያሳይ አንድ የፖሊሲ ሰነድ አላጋጠመኝም።

«ታዲያ የካርቦን ገንዘብ አለ አይደል?» ይሉኛል የቢሮ ልጆች። አለ። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ ከተቆረጡት ጉቶዎች ዛፉ መልሶ እንዲበቅል ተደርጎ፣ በዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ በኩል የካርቦን ሽያጭ ለገበሬ ማኅበራት ገንዘብ አምጥቷል። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው ዛፉ አድጎ፣ ተለክቶ፣ ተመስክሮ ነው። ተራራው የተዘጋ ዕለት ፍየሉን ከግጦሽ ያስወጣው ሰው ነው ለዓለም ያበደረው። አፍሪካ በሙሉ ከዓለም ጭስ ውስጥ ድርሻዋ 4 በመቶ የማይሞላ ሆኖ፣ መቆያውን ጊዜ በ1.4 በመቶ የሚያስበው አበዳሪ ሳይሆን በወር 10 በመቶ የሚከፍለው ገበሬ ይሸከመዋል። እ.ኤ.አ. በ2027 ትልቁ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይካሄዳል ተብሏል። ከቦሌ ጉዶ በረት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለምሳ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

በራሴ አንድ ነገር ሞክሬአለሁ። ኅዳር 2016 ላይ እምዬን፣ ራቅ ላለችው አንድ ጥማድ መሬት ብቻ የሚበቃ እበት አትሽጪ፣ ሐምሌ የምታገኚበትን ብር አሁን ልስጥሽ አልኳት።

«ወለዱስ?»

«የለውም።»

«ዋስስ?»

«አንቺው።»

ትንሽ አሰበችና «ካልበቀለ አልመልስም» አለች። ተስማማን። እበቱን ከእህቴ ጋር በቅርጫት አጋዙት፣ ባለቤቴም አንድ ቅዳሜ መጥታ አገዘቻቸው (እስካሁን ታነሣብኛለች)። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከዚያች መሬት የወጣው ገብስ ከወትሮው አንድ ኩንታል በልጧል። ክረምቱም ጥሩ ስለነበር የእበቱ ነው የዝናቡ ነው መለየት አይቻልም፣ ሌላኛዋ ማሳ ላይም ጨምሯል። አፈሩን ግን በእጄ ጨብጬ አይቼዋለሁ፤ ይያያዛል፣ ትል አለው። ብሩን እሷም አልመለሰች እኔም አልጠየቅኳት። ተቋማችን በዚህ አሠራር ሦስት ወር አይቆይም።

በዚህ ግንቦት ስለ ሁለተኛ ዙር ላነሣባት ነበር። እሷ ቀደመችኝ። ምርጊቱን ጨርሳ እጇን እየታጠበች፣ «እኔስ ልጅ አለኝ፤ ለእቴቴ ማን ያበድራታል?» አለች። የእቴቴ ሁለቱም ልጆቿ ዐረብ አገር ናቸው፤ ከደወሉ ቆይተዋል። መልስ አልነበረኝም፤ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ።

ሰኞ ማለዳ ልሄድ ስል በሩ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኩበት ተቋጥሮ ቆሟል።

«እምዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መብራቱ ውድ ነው አላልክም? ለሚስትህ ነው። ደረቁን መርጬ ነው።»

አልወስድም ብዬ መከራከር ጀመርኩ። ከዚያ ፊቷን አይቼ ተውኩት። አህያ ነጂ ለምነን አስፋልቱ ድረስ አደረሰልን። ሚኒባስ ሲመጣ ረዳቱ ከላይ ሆኖ ጮኸ፣

«ማዳበሪያው የማን ነው?»

«የኔ» አልኩት።

50 ብር ጠየቀኝ፣ በ30 ተስማማን።